ሃራ የተሰጠችኝ ጥንቸል

ጥር 25፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 9፡20

አልበላችም። ጎመን አቀረብኩ፤ አፍንጫዋን አነቃነቀችና ፊቷን ወደ ካርቶኑ ጥግ አዞረች። ካሮት፣ እምቢ። ደረቅ ሳር፣ እምቢ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በእማዬ አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ጎኗ ላይ አስጠግቻለሁ። ጆሮዎቿ አሁንም ቀዝቃዛ ናቸው። ሆዷ ተላጭቶ ራቁቱን ቀርቷል። ሰባት ስፌት።

ደብተሬ፣ ሦስት ወር ሙሉ አልነካሁህም። አትቀየመኝ። የምጽፈው ሁሉ ስድብ ብቻ ስለሆነብኝ ተውኩህ።

ዶ/ር አብርሃም ማሕፀኗን አወጣው። ውስጡ ሎሚ የሚያህል እጢ ነበር፤ በሳህን አድርጎ አሳየኝ። ሃያ ዓመት ላምና በሬ ሲሰፋ የኖረ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ጥንቸል ቀድዶ አያውቅም፣ እሱም አልደበቀኝም። ትናንት ደውሎ ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ አድርጊ ሲለኝ እምቢ አልኩት። ጥንቸል አታስመልስም። ሆዷ ባዶ ከዋለ አንጀቷ ይቆማል፤ አንጀቷ ከቆመ አለቀላት። መጽሐፍ ሲገለጥ ተሰማኝ። ልክ ነሽ አለ። ከተመረቅኩ ወዲህ ይህን ቃል የነገሩኝ ሰዎች የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም።

ወረፋው ላይ ሁሉም በግና ጥጃ ይዟል። እኔ ዘንቢል። አንድ ሽማግሌ አጎንብሰው አዩና ድመቷን ለማን ትተሽ መጣሽ ልጄ አሉኝ። ድመቷ ደህና ናት አባባ አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ዘንቢሉን አቅፌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

12፡30፣ ምሽት

ምንም። አንዲት በጠጥ እንኳ አልጣለችም። ዶ/ር እንዳለው እስከ ዓርብ በራሷ ካልበላች መርፌም ስፌትም አያድናትም።

ጥር 26፣ ረቡዕ። ጠዋት 1፡00

ደረቅ ሳር አድቅቄ በውሃ በጠበጥኩ። መርፌው በወጣለት ስሪንጅ፣ በጉንጯ በኩል፣ ጠብታ በጠብታ። ግማሹ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን ዋጠች። መዋጧን በጣቴ ጉሮሮዋ ላይ ይዤ አረጋገጥኩ።

አሥራ ሰባት እላታለሁ፤ ጆሮዋ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የምርምር ጣቢያው ውስጥ ስም ማውጣት ክልክል ነበር። በስም የጠራኸውን እንስሳ በልብህ ትመዝነዋለህ ይለን ነበር ኃላፊው። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ሰውየው ጥሩ አልነበረም።

አንተ ታውቃለህ፤ ግን ደግሜ ልጻፍልህ፣ ሰኞ የካቲት 8 ኮሚቴው ፊት ስለምናገረው አፌ ይለማመድ። ጥናቱ የእኔ ነው። የስኳር ድንች ቅጠል ከተገዛ መኖ ጋር እኩል ጥንቸል ያሳድጋል ወይ? ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ፤ ዘጠና ቀን በየጠዋቱ ጥንቸሎቹን አንስቼ ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩ እኔ። ባልደረባዬ ምህረቱ አጠገቤ ቆሞ ይጽፋል። እኔ ቁጥር አነባለሁ፣ እሱ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። እጄ ጸጉርና ሽንት ስለሆነ እስክሪብቶ አልይዝም። ወረቀቱ ሲታተም የኃላፊው ስም ከላይ፣ የአንድ ወዳጁ ስም ከታች። እኔ የለሁም። ምስጋናው ላይ ጥበቃው ተመስግኗል፤ ጥበቃው! ደግ ሰው ናቸው፣ ይመስገኑ። እኔ ግን የለሁም።

አቤቱታ አስገባሁ፤ ኮሚቴ ተሰየመ። መዝገቡ የማን እጅ ጽሕፈት ነው? የምህረቱ። «መዛኝ» የሚለው ዓምድ ላይስ ማን ተጽፏል? ማንም። ዘጠናውም ቀን ባዶ ነው። ከእኔ ሌላ መዛኝ ስለሌለ፣ መሙላቱ ሞኝነት መስሎን ነበር። እየሳቅን ነበር ባዶውን የምናልፈው።

ባለፈው ስብሰባ ምህረቱን ጠሩት። ማን ነበር የሚመዝነው ሲሉት፣ «በትክክል አላስታውስም» አለ።

እኔ እዚያው ወንበር ላይ ነበርኩ።

ከቀኑ 7፡00

አልበላችም።

ሌላ ነገር እጽፋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የመጣልኝ ግን የጣቢያው ጠዋት ነው። ዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ፣ የጎጆዎቹ ሽቦ በጤዛ ርሶ፣ የአሥራ ሰባት ሙቀት በጋዋኔ አልፎ ሆዴ ድረስ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ እላለሁ። ሦስት ከሁለት መቶ ብሎ ይደግማል፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር ሊጨምር የፈለገ ይመስል። ምንም አይጨምርም። ያን ድምፅ ናፍቄአለሁ። አላፍርም። እሱን እንደጠላሁት ሳስብ እንኳ ድምፁ ቁጥር ይደግምልኛል።

ጥር 27፣ ሐሙስ። ማታ 1፡15

በቅደም ተከተል ልሞክር።

ጠዋት ገባኝ። ይህች ጥንቸል ያደገችው በስኳር ድንች ቅጠል ነው፣ በእኔው ጥናት። ጎመን ምን ያደርግላታል? ግን በጋ ነው፣ ገበያ ላይ ቅጠሉ የለም። ዱቦ ያለው የአክስቴ ማሳ ከምንጭ ሥር ስለሆነ በጋም ይለመልማል። እማዬን አስጠብቄ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከመንገዱ አርባ ደቂቃ በእግር። አክስቴ ለጥንቸል መሆኑን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ቢሆንም አንድ ሸክም አጨደችልኝ።

ስመለስ አሥራ ሰባት መቀነት ታጥቃለች።

እውነቴን ነው። የእማዬ መቀነት፣ ጫፉ ያለው ቀይና ጥቁር። ወገቧን ሦስት ዙር ጠምጥማ አጥብቃ አስራታለች። ከሥሩ ለጋ ቅቤ፤ ስፌቱ ላይ፣ እግሮቿ መሃል፣ ጆሮዋ ላይ ሳይቀር። ማሕፀኗ የወጣ ሴት ወገቧ ካልታሰረ ብርድ ይገባታል አለችኝ፣ በሰላም፣ ሥራዋን እንደጨረሰች ሰው። ጥንቸሏ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ፈታሁት። ቅቤውን ልትልስ ስትታገል አንድ ስፌት በጥርሷ በጥሳለች። ደም።

ጮህኩባት። በእናቴ ላይ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይሄ እንዳይሆን ነው አልኩ። ለምን ሁሉም ሰው ሥራዬን ያበላሽብኛል አልኩ። ይህን ስል የማወራው ስለ ጥንቸሏ እንዳልነበር አሁን ነው የገባኝ።

እማዬ መቀነቱን አጥፋ ይዛ ወጣች።

ዶ/ር አብርሃም ቤት ሮጥኩ። አጸዳው፣ አንዱን ስፌት ደገመው። የቀረው ደህና ነው አለ። ሲሰፋ ከንፈሩን እየነከሰ ሳቁን ያፍን ነበር። መቀነቱስ እንዴት ነበር፣ አምሮባት ነበር? አለኝ። አልሳቅኩም። አሁን ስጽፈው ትንሽ ሳቅኩ።

ጥር 28፣ ዓርብ። ጠዋት 12፡40

በላች።

አንድ ቅጠል። ከጫፉ ጀምራ፣ እንደ ማሽን፣ ግንዱ ድረስ። ከዚያ ሁለተኛ። ካርቶኑ ጥግ ስድስት በጠጥ አገኘሁ፤ ትናንሽ፣ ደረቅ። በመዳፌ ይዤ እንደ ወርቅ አየኋቸው። ጥናቴ ትክክል ነው፤ ማስረጃው ስድስት በጠጥ። የትኛው ኮሚቴ ፊት ላቅርበው?

እማዬን ልነግራት ጓሮ ሄድኩ። እንሰቱ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። ይቅርታ አልኩ። ወደ እኔ ሳትዞር ነገረችኝ። እኔ ሁለት ዓመቴ ሳለ ኦቶና ሐኪም ቤት ተኝታ ማሕፀኗ መውጣቱን። ሐኪሞቹ ነፍሷን እንዳተረፉላት። ቤት ስትመለስ ግን እናቷ ሞታለች፣ እህቷ ሩቅ ናት፣ ማንም አልነበራትም።

«እኔን ማንም አላሰረኝም» አለች።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ወንድም እህት የሌለኝ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ዘጠና ቀን ጥንቸል መዝኜ፣ የእናቴን ወገብ አላየሁም።

ከቀኑ 10፡00

እማዬ መጥታ ካርቶኑ አጠገብ ተቀመጠች። ለባለቤቷ ነግረሻል? አለችኝ።

ደብተሬ፣ ይህን አንተም አታውቅም።

አሥራ ሰባት የእኔ አይደለችም። ጥናቱ ሲያልቅ ጥንቸሎቹን ሲበታትኗቸው ምህረቱ አንዷን አስፈቅዶ ወሰደ። እሱ ቦምቤ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ሲል ዘንቢል ይዞ እዚህ በር ላይ ቆመ። ሃራ ልስጥሽ አለ፣ እየሳቀ። ሃራ ቀልድ አይደለም አለች እማዬ፤ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ሃራ ማለት ላም ያለው ሰው ላም ለሌለው ይሰጣል፤ ያኛው ያበላል፣ ይጠብቃል፤ እናቲቱ የሰጪው ናት፣ የምትወልደው የሁለቱ። እማዬ አስቁማ በፊቷ በቃሉ አስባለችው። ጥንቸሏ የእኔ፣ ልጆቿ የሁለታችን አለ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። የእኔም። በሚቀጥለው ወር ወንዱን ይዤ እመጣለሁ አለ።

አልመጣም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ።

ያልወለደች ጥንቸል ማሕፀኗ ለእጢ ቅርብ ነው። ወንዱን ስላላመጣ ታመመች ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቢሆንም ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

አልነገርኩትም አልኳት። እማዬ አንገቷን ነቀነቀች። የሰው ሃራ ሲታመም ለባለቤቱ ይነገራል አለች። ሳይነገረው አይታረድም፣ ሆዱ አይቀደድም። እሱ ዝም አለብኝ ብለሽ ትንጨረጨሪያለሽ፣ አንቺስ?

ስልኬን አወጣሁ።

የካቲት 1፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡00

ሦስት ቀን ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ከረምኩ። የመጀመሪያው መልእክት ረጅም ስድብ፤ ጠፋ። ሁለተኛው ናፍቆት ስለነበረ ከስድቡ ቀድሞ ጠፋ። የላክሁት፦ አሥራ ሰባት ታማ ማሕፀኗ ወጥቷል። ሳልነግርህ ነው ያስቀደድኳት። አጥፍቻለሁ። ከእንግዲህ አትወልድም፣ ሃራው ፈርሷል። እንስሳህን መጥተህ ውሰድ።

«ልጆቿ የሁለታችን» የሚለውን ሳልጽፍ አሰብኩት። የማይወለዱ ልጆች ሆድ ያባባሉ? የጥንቸል ልጆች! እኔ ምን ሆኛለሁ?

አሥራ ሰባት ግማሽ እቅፍ ቅጠል በልታለች። ጆሮዎቿ ሞቀዋል።

የካቲት 3፣ ረቡዕ። ማታ 1፡00

ደወለ።

ጤና ይስጥልኝ የለ፣ እንዴት ነሽ የለ። «ትበላለች?» አለ።

ትበላለች አልኩ። ተነፈሰ፤ ሰማሁት። ስንት ሆነች አለ። አልመዘንኳትም አልኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ስንመዝናት ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ነበረች፣ ከሦስት በታች ከወረደች ጥሩ አይደለም አለ።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ። የጥንቸል ክብደት ያስታውሳል። ማን እንደመዘነ አያስታውስም።

ይህን አልነገርኩትም። ልነግረው አፌን ስከፍት ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። መዝገቡን ይዤ እመጣለሁ፣ እኔ ጋ ነው፣ ጣቢያው ቅጂውን እንጂ ዋናውን አልወሰደም አለ።

እሺ አልኩ። ሌላ ምንም። ከዚያ ቁጭ ብዬ ድምፁን እንደ ሰካራም በጆሮዬ አዞርኩት።

የካቲት 5፣ ዓርብ

ስፌቱ ወጣ። ጠባሳው ቀጭን፣ ቀጥ ያለ። ዶ/ር አ. በጣም ኮርቷል፤ የበሬ ሐኪም እንዲህ ያለ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም አለ። እማዬ አብራኝ መጣች። መርፌና መቀስ ሲወጣ አሥራ ሰባትን በሁለት እጇ ይዛ በወላይትኛ ታባብላት ነበር።

ነገ ይመጣል። ጸጉሬን ታጠብኩ። ለእሱ አይደለም። ለእሱ ነው።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ። ማታ 2፡00

መጣ። ከስቷል። ከረጢቱ ውስጥ ከቦምቤ የመጣ የስኳር ድንች ቅጠል፤ በመንገድ ጠውልጎ እንደ ጨርቅ ሆኗል። አሥራ ሰባት ግን በላችለት። እግሩ ላይ ወጥታ ሸሚዙን አሸተተች። ቀናሁ፤ በማን እንደቀናሁ አላውቅም።

እንመዝናት አለ። ከታች ካለው ሱቅ ሚዛን ተዋስኩ፤ ጋሽ ሸምሱ ምን ልትመዝኚበት ነው ብለው፣ ጥንቸል ስላቸው ታጥቦ ይመለስ ብለው ሰጡኝ። አነሳኋት። አስቀመጥኳት። ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ አልኩ። ሦስት ከአንድ መቶ አለ፣ ቀስ ብሎ። መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በድሮው መስመር ሥር ጻፈ። ልክ እንደ ያኔ። ለአንድ ደቂቃ ጣቢያው፣ ጉሙ፣ ጤዛው፣ ሁሉም ነበር።

ከዚያ እስክሪብቶው «መዛኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ወደ ኋላ ገለጠ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ቀስ ብሎ፣ አሁኑኑ ተቀምጬ ዘጠናውንም ቀን በስምሽ ልሙላልሽ አለ። ቀለሙ የዚያው እስክሪብቶ ነው፣ ማንም አይለይም። ሰኞ ታቀርቢዋለሽ። ከማን እንዳገኘሽው ግን አትናገሪ። ኮንትራቴ በኃላፊው እጅ ነው፣ ገና አልታደሰም።

እግዜር ይየው፣ ለአፍታ ፈለግሁት። ስሜ ዘጠና ጊዜ በእሱ እጅ ጽሕፈት! ዘጠና ጊዜ። ከዚህ የበለጠ ደብዳቤ ማን ጽፎልኝ ያውቃል?

አይሆንም አልኩ። ኃላፊው ያልነበረበት ቦታ ስሙን ጻፈ፤ እኔ የነበርኩበትን ዛሬ ብጽፍ ከሱ በምን ልለይ? ያኔ ባዶ የቀረ ባዶ ይቅር። የምፈልገው አፍህን ነው፣ እጅህን አይደለም።

እማዬ በሩ ላይ ነበረች። ስንት ጊዜ እንደቆየች እንጃ። ሃራ ያለ ምስክር አይሰጥም፣ ያለ ምስክርም አይፈርስም፤ ምስክሯ እኔ ነኝ አለች። ጥንቸልህን ትወስዳለህ?

ተዉአት እዚሁ ትሁን አለ።

ትሁን አይባልም፤ ያንተ ሆና ነው ወይስ የእሷ? በቃልህ ተናገር፣ ልስማ አለች።

ምህረቱ አሥራ ሰባትን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«የእሷ ናት» አለ።

በስምንት ሰዓት ተኩሉ መኪና ተመለሰ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄዷል። ሰኞ እመጣለሁ አላለም። አልጠየቅኩትም።

የካቲት 7፣ እሑድ። ከቀኑ 11፡00

ቀኑን ሙሉ መዝገቡን ሳገላብጥ ዋልኩ። እጅ ጽሕፈቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የአንድ ቀን ገጽ ላይ የጥንቸል እግር ዱካ አለ፣ ጭቃ። ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ አሥራ ሰባት ከእጄ አምልጣ መዝገቡ ላይ ዘላ ነበር፤ እስክንወድቅ ሳቅን። ይህን ኮሚቴው አይረዳም። እኔ ግን እዚያ እንደነበርኩ በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ቦምቤ ተቀምጧል።

ናፈቀኝ። ይጻፍ። ናፈቀኝ፣ ተናድጃለሁ፣ ናፈቀኝ።

እማዬ መቀነቷን አጥባ አስጥታለች። ከገመዱ ላይ አውርጄ፣ ቁሚ አልኳት። ምን ልትሆኚ ነው አለች። ወገቧን ሦስት ዙር አሰርኳት፣ አጥብቄ። ሃያ ሦስት ዓመት ዘገየሁ አልኩ። ያበድሽ ልጅ አለችኝ። እስከ ማታ አልፈታችውም።

የካቲት 8፣ ሰኞ። ጠዋት 1፡50

አሥራ ሰባት በልታለች። በጠጧ ትልልቅና ክብ ነው። ለእማዬ ቅጠል ትቼላታለሁ፤ ቅቤ የለም ብያለሁ፤ እሺ ብላ ስቃለች።

ስልክ አልተደወለም። መልእክትም የለም።

የመጨረሻውን መስመር፣ የቅዳሜውን፣ «መዛኝ» በሚለው ሥር ሙሉ ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ፤ ያቺን አንዷን ብቻ። ሌላውን ዘጠና ባዶ እንደባዶ ከፍቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ከማን እንዳገኘሁት ቢጠይቁኝ ስሙን እናገራለሁ። አልዋሽለትም፣ አልዋሽበትም።

ኮሚቴው ሦስት ሰዓት ይጀምራል። በሩ ላይ ቆሜ አልጠብቀውም። ሚኒባሱ ከቦምቤ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልጠብቀውም። ይምጣም ይቅርም እገባለሁ፣ ተቀምጬ ሳይሆን ቆሜ እናገራለሁ።

ግን ያ አፍ «የእሷ ናት» ማለት ይችላል። ምስክር ባለበት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጫማዬን ላድርግ።